ማማው ቆሟል፣ መሬት ግን አልነካም

ግንቦት ሲጋመስ በጉና ተራራ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ የመጀመሪያውን ዝናብና የመጀመሪያውን መብረቅ። ሁለቱ ሁልጊዜ ተያይዘው አይመጡም። ደመናው ይከማቻል፣ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ ብልጭ ይላል፤ ጠብታው ግን ገና ነው። መሬቱ ከጥቅምት ጀምሮ ሲደርቅ የከረመ፣ ዶማ የማያስገባ ነው። መብረቁ ኮረብታው ላይ የቆመውን የስልክ ማማ የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ነው።

ዳመና ሲታይ ኔትወርክ ይሸሻል እያሉ መቀለድ በላይ ጋይንትም፣ በታች ጋይንትም፣ በስማዳና በእስቴም ብቻ ሳይሆን በመላው ሀገሪቱ የተለመደ ነው። እርግጥ ስልክ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይቋረጣል፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ያልቃል፣ ባትሪ ያረጃል። ሆን ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ የአማራ ክልል ነዋሪ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ይህን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። ይህ ጽሑፍ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በጣም ርካሹን፣ ማንም የማያወራለትንና ከዓይን የተሰወረውን አንዱን ብቻ ይመለከታል፦ ከማማው ሥር የተቀበረውን የኧርዝ ዘንግ።

ሰው ስለ መብረቅ ሲያስብ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ማማው ጫፍ ላይ ያለችውን ሹል ብረት ያያል፤ «መብረቅ መከላከያ አለው» ብሎ ይረጋጋል። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ያቺ ሹል ብረት መብረቅን አትከላከልም፤ ትቀበላለች እንጂ። የተቀበለችውን ደግሞ የሆነ ቦታ ማድረስ አለባት። አማካይ የሚባል አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ገደማ ይዞ ይመጣል። ይህን ያህል ጅረት 10 ኦም ብቻ በሚቋቋም መሬት ውስጥ ቢገባ የማማው እግር ከሩቁ መሬት ጋር ሲነጻጸር ለአፍታ 300,000 ቮልት ይደርሳል። 10 ኦም ደግሞ መጥፎ ቁጥር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የመብረቅ መከላከያ ደረጃ፣ አይኢሲ 62305፣ ቢቻል ከዚያ በታች ይሁን ብሎ የሚመክረው ነው። ጋይንት ውስጥ ጭንጫ ላይ የተተከለ አንድ ዘንግ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። የዚያን ጊዜ መብረቁ በተዘጋጀለት መንገድ መሄዱን ትቶ በመብራት ገመዱ፣ በአንቴናው ኬብል፣ በጥበቃው ቤት ቆርቆሮ በኩል ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

ይህ ለጎንደር ሰው አዲስ ታሪክ አይደለም። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተሠራችው የመጀመሪያዋ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ክብ ነበረች። ዛሬ በመላእክቱ ሥዕል የምትታወቀው ባለ አራት ማዕዘኗ ቤተ ክርስቲያን የኋለኛዋ ናት፤ የፊተኛዋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መብረቅ አጥፍቷታል። ነገሩን አስተውሎ ላየው አያስገርምም። የሀገራችን ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ከፍታ ላይ ነው። ዙሪያውን ረጃጅም ጥድ አለ። ጉልላቱ ላይ የብረት መስቀል ይቆማል፤ ከመስቀሉ በታች ግን እንጨትና ሣር እንጂ ወደ መሬት የሚወርድ ብረት አልነበረም። ለመብረቅ እጁን የዘረጋ፣ እግር የሌለው ነገር ማለት ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የመብረቁን ዘንግ ያስተዋወቀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለሆነ የዚያን ዘመን ጎንደሬ በዚህ አይወቀስም። በዘመናችን፣ በሚሊዮኖች ብር በሚቆጠር መሣሪያ ላይ ያንኑ ነገር የሚደግም ግን ይወቀሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከጨረታ ሰነዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ውፍረቱ ይህን ያህል የሆነ መዳብ የተቀባ ዘንግ፣ ብዛት ይህን ያህል። ይኸው መስመር ለአፋር ሜዳም፣ ለባሕር ዳር ረግረግም፣ ለነፋስ መውጫ ድንጋይም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። አይሠራም። መሬት እንደ ሽቦ ከመደብር የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ያለው ያው ያለው ነው። ዘንግ የሚመረጠውም ለመሣሪያው ሳይሆን ለአፈሩ ነው።

እንግዲህ አፈሩን እንይ። የዚህ አገር መሠረት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ በላዩ ላይ ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከጉና ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጨጨሆ ያለው ደጋ አፈሩ ቶሎ ያልቅና ዓለቱ ይጀምራል። ይህን ድንጋይ በክንዳቸው ካወቁት መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት አለ። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በዚህ በኩል ወደ መቅደላ ሲጎትት፣ መንገዱን ድንጋይ እየፈነቀለና እያፈነዳ እየሠራ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ቻይናውያን የወረታ ወልድያን መንገድ ሲሠሩም የገጠማቸው ያው ነበር። እዚህ ላይ የሦስት ሜትር ዘንግ በመዶሻ አስገባለሁ ማለት ቀልድ ነው። በተግባር ዘንጉ አንድ ሜትር ገብቶ እምቢ ሲል ቀሪው በብረት መጋዝ ይቆረጣል፣ ላዩ አፈር ይለብሳል፣ ቅጹ ላይ «3 ሜትር» ተብሎ ይሞላል። ይህን የሚያደርገው ሠራተኛ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰነዱ ሌላ ምርጫ ስላልሰጠው ነው።

በእስቴ ሜዳማ ቦታዎችና በሌሎችም ለጥ ያሉ ቦታዎች ያለው ዋልካ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ክረምት ላይ ዋልካ ለኧርዝ የተፈጠረ ይመስላል፤ እርጥብ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጅረት ያሳልፋል። በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ይሆናል፤ ዘንጉን አቅፎት የነበረው አፈር ይሸሸዋል። ሐምሌ ላይ መልካም የነበረው ዘንግ ሚያዝያ ላይ አየር ውስጥ እንደቆመ ነው። ወደ ስማዳ ወርደን በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች በኩል ስናይ ደግሞ ጭንጫው፣ ቁልቁለቱና ድርቁ ይጠብቀናል፤ ውኃው ሮጦ ያልፋል እንጂ አፈሩ ውስጥ አይከርምም።

ትንሽ ሒሳብ ግድ ነው፤ አይከብድም። የአፈር የመቋቋም አቅም በኦም ሜትር ይለካል። ሦስት ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ የሚሰጠው ተቃውሞ የአፈሩ ቁጥር አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። እርጥብ ዋልካ 30 ኦም ሜትር ቢሆን አንድ ዘንግ 10 ኦም ይሰጣል፤ ሥራው አለቀ። ጭንጫው 500 ቢሆን ግን ያው ዘንግ 167 ኦም ይሰጣል። አሁን ውፍረቱን እጥፍ እናድርገው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ወፍራም ጠንካራ ይመስላላ። የሚቀንሰው 11 በመቶ ብቻ ነው። ርዝመቱን እጥፍ ብናደርገው 44 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ለወፍራም ዘንግ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሲመታ እንዳይጣመም ከመርዳት በቀር፣ የባከነ ነው። ርዝመት ግን ዓለት ላይ አይገኝም። ብዛትስ? በ500 ኦም ሜትር አፈር ላይ 10 ኦም ለማግኘት በወረቀት 17 ዘንግ ያስፈልጋል። ዘንጎች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን አፈር ስለሚሻማ በመካከላቸው ቢያንስ የራሳቸውን ርዝመት ያህል መራቅ አለባቸው፤ እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ከ20 ያልፋል። ግማሽ ሜትር እያራራቁ አምስት ዘንግ ደርድሮ «አምስት ተክያለሁ» የሚል ሰው በውጤቱ የአምስት ዘንግ ጥቅም አላገኘም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ዘንጉን ማስተኛት! ዓለት ወደ ታች ካልከፈተ ወደ ጎን መሄድ ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ 25 ሜትር የሚረዝም ቦይ ተቆፍሮ ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ ብረት ቢቀበርበት፣ በዚያው 500 ኦም ሜትር አፈር ላይ ብቻውን 35 ኦም ገደማ ይሰጣል። ከማማው እግር በአራት አቅጣጫ እንደ ኮከብ አራት ቢወጡ ወደ 10 እና 12 ኦም ይጠጋሉ። በሃያ ዘንግ የማይገኘውን አራት ቦይ ያመጣዋል። ቦዩን ከዚህ እጅግ ማስረዘም ግን አይጠቅምም፤ መብረቅ የማይክሮ ሰከንድ እንግዳ ስለሆነ ሩቁ ጫፍ ሳይደርስ ጉዳዩን ይጨርሳል። አንድ ረጅም ከማድረግ ሁለት አጭር ማድረግ ይሻላል። በማማውና በመሣሪያው ቤት ዙሪያ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀበረ ቀለበት ይዞራል። ዓለት ለሆነ መሬትና ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ላለበት ቦታ ዓለም አቀፉ ደረጃም የሚመርጠው ይህንኑ ቀለበት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሙያ በእነዚህ ወረዳዎች ሞልቷል። ጥርና የካቲት ላይ ድጅኖና አካፋ ይዞ በየተራራው እርከን የሚሠራ ሕዝብ ነው። ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ሲታቀፉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ ቦይ መቆፈር ለነዋሪው ብርቅ አይደለም። እንቅፋቱ ሌላ ነው፦ መሬቱ። ለማማው የሚከራየው ቦታ አጥሩ የሚያርፍበት ያህል ጠባብ ነው፤ 25 ሜትር የሚሄድ ቦይ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባል። ማረሻ የሚያርሰው ላዩን ስለሆነ በደንብ የተቀበረ ሽቦ ገበሬውን አይነካውም፤ ግን ማንም ሄዶ አላነጋገረውም፣ ካሳም አልተያዘለትም። ከውሉ ላይ አንድ አንቀጽ በመጉደሉ ምክንያት ቴክኒሻኑ አጥሩ ውስጥ ተጨናንቆ ዘንግ በዘንግ ላይ ይደረድራል።

ሌላም በነጻ የተገኘ ነገር አለ። የማማው መሠረት ራሱ ቶኖች የሚመዝን ኮንክሪትና ብረት ነው። ኮንክሪት ከዙሪያው እርጥበት ይስባል፤ በደረቅ አገር ከአፈሩ የተሻለ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። ኸርበርት ዩፈር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሪዞና በረሃ ለጥይት መጋዘኖች ኧርዝ ፍለጋ ሲደክም ያገኘው መላ ይህ ነበር፤ የመሠረቱን ብረት ራሱን ኧርዝ አደረገው። ጋይንት ላይ ማማ ሲተከል የመሠረቱ ብረት ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ተያይዞ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ቢወጣለት ወጪው የአንድ ቀን ምሳ አይሞላም። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

አሁን ወደ ብረቱ ዓይነት። እዚህ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። ዚንክ የተነከረ ብረት ርካሽ ነው፣ ሌባም አይፈልገውም። ንጹሕ መዳብ ዕድሜ አለው፣ ሌባም አለው። መዳብ የለበሰ ብረት በመካከል ነው። ዚንክ ይበቃል የሚሉ ሰዎች የጉናን ዙሪያ አፈር ረስተዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ በአሲድ የተጠቃ ነው፤ ዝናባማው ደጋ ደግሞ ዋናው ተጠቂ ነው። ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። ገብስ የሚያቀጭጭ አፈር ዚንክንም ይበላል። በዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ከኮንክሪት መሠረቱ ብረት ጋር የተያያዘ ዚንክ አፈር ውስጥ እንደ ባትሪ አንዱ ዋልታ ይሆንና ራሱን እየሠዋ ያልቃል። ከላይ የተባለውን መልካም ነገር የሠራ ሰው፣ መሠረቱን ከኧርዙ ያገናኘ ማለት ነው፣ ዚንክ ዘንግ ከተጠቀመ የራሱን ሥራ በራሱ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ አፈር ባለበት መዳብ የለበሰ ብረት ይመረጥ፤ የመዳቡ ልብስ ግን ልብስ መሆኑ ይረጋገጥ። ደረጃውን የጠበቀው ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ አለው። ከመርካቶም ሆነ ከየትም የሚገዛ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ላዩ ብቻ ወርቅማ ቀለም የነካው አለ፤ መሬት ሲገባ ድንጋዩ ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ቦታ ከቀሪው በፈጠነ ይዝጋል። መፈተኛው ሞረድ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሞረድ ወዲያው ነጭ ብረት ብቅ ካለ ዕቃው ለጌጥ ነው። ማግኔት አይጠቅምም፤ ጥሩውም መጥፎውም ውስጡ ብረት ስለሆነ ይይዛል። ከመሬት በላይ የሚታየው ሽቦ ግን ንጹሕ መዳብ ባይሆን ይመረጣል። መዳብ የለበሰ የብረት ገመድ ለሌባ ዋጋ የለውም፤ ለመብረቅ ግን ያው ነው። መገጣጠሚያውም በቡሎን የሚጠብቅ ክላምፕ ከሚሆን የባቡር ሐዲድ እንደሚያያዝበት በቴርሚት ቢበየድ ዘንጉ እስካለ ይኖራል።

ስለ ጨውና ከሰል ጥቂት ይባል፤ የማያነሣው ባለሙያ የለምና። ጉድጓድ ቆፍሮ ጨውና ከሰል መሙላት የቆየ ዘዴ ነው። በዕለቱ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ተረካቢውም ይደሰታል። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ጨው ከውኃ ጋር ይሄዳል፤ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ዘንጉን ይበላዋል። ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ ውኃ ይዞ ስለሚቆይና ብረት ስለማይበላ ይሻላል፤ ግን እርሱም ፈጽሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። እስኪያስረክቡ ድረስ ብቻ የሚሠራ ኧርዝ የሚፈልግ ሰው ጨው ያድርግ።

እስኪያስረክቡ ድረስ የሚለው ነገር ወደ ዋናው ጉዳይ ያመጣናል፤ ወደ መለኪያው ቀን። የኧርዝ መለኪያ መሣሪያ ሁለት ትናንሽ ካስማ ራቅ አድርጎ በመትከል የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ጥያቄው መቼ ተለካ ነው። ነሐሴ ላይ እስቴ ዋልካ ላይ የተለካ ቁጥር የሚያምር ቁጥር ነው፤ ርክክብ ነሐሴ ላይ ከሆነ ሁሉም ያልፋል። መብረቁ ግን ነሐሴን ጠብቆ አይመጣም። የመጀመሪያው ነጎድጓድ የሚደርሰው መሬቱ የመጨረሻውን ያህል በደረቀበት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ። ዘንጉ በጣም የሚፈለግበት ወርና ዘንጉ በጣም የሚደክምበት ወር አንድ ናቸው። በሚያዝያ ያልተለካ ኧርዝ ተለክቷል ሊባል አይገባም። ይህ ለኩባንያው የሚያመጣው ተጨማሪ ወጪ የአንድ ጉዞ አበል ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ሁሉ ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሁለት ኦም ኧርዝ ያለው ሳይት ሊቃጠል፣ ሃያ ኦም ያለው ሊተርፍ ይችላል። ምክንያቱ ማያያዝ ነው። ማማው ለብቻው ኧርዝ፣ የመብራቱ ቆጣሪ ለብቻው ኧርዝ፣ የመሣሪያው ቤት ለብቻው ኧርዝ ካላቸው፣ መብረቅ ሲመጣ አንዱ በመቶ ሺህ ቮልት ሲነሣ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ በመካከል ያለው ራውተር ድልድይ ይሆናል። «ንጹሕ ኧርዝ ለኮምፒውተር ለብቻው» የሚለው ልማድ ብዙ መሣሪያ ፈጅቷል። ሁሉም አንድ ላይ ከታሰረ ሁሉም አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። አንድ ማማ ሁለት ኩባንያዎች የሚጋሩበት ዘመን መጥቷል፤ ሁለተኛው መጥቶ የራሱን ዘንግ ለብቻው ተክሎ ካላገናኘው ሁለቱም ይጎዳሉ። ሽቦው ሲወርድም ቀጥ ብሎ ይውረድ። ለውበት ተብሎ የተጠቀለለ ወይም በሹል ማዕዘን የታጠፈ ሽቦ ለመብረቅ ፍጥነት እንደ ግድግዳ ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዕቃ ነው። አጥሩ ሥር ግን ሰው አለ። ጥበቃው በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ይተኛል። ዝናብ ያባረረው እረኛ ከብቶቹን ይዞ አጥሩን ይጠጋል፤ ኮረብታው ላይ ሌላ መጠለያ የለማ። መብረቅ ወደ መሬት ሲገባ ቮልቱ እንደ ውኃ ክበብ እየሰፋ ይቀንሳል፤ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ልዩነት ይኖራል። የሰው ሁለት እግር ይቀራረባል። የበሬ የፊትና የኋላ እግር ግን ይራራቃል፤ ጅረቱም በልቡ በኩል ያልፋል። መብረቅ አንድ ዛፍ ሥር ያሉ ከብቶችን በአንዴ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ቀለበቱና ከማማው የሚወጡት ቦዮች ይህንን ክበብ ያለሰልሱታል፤ አንድ ዘንግ ብቻ ያለበት ማማ ግን ሁሉንም በአንድ ነጥብ ያፈሰዋል። ማማው ዙሪያ ሦስት ሜትር ያህል 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ማልበስ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጠጠር ደግሞ በጋይንት አይገዛም፤ ይለቀማል። የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ከቀለበቱ ጋር በአንድ ቁራጭ ሽቦ ይታሰር። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ራውተሩ ስም አለው፣ ባትሪው ስም አለው፤ ጥበቃው ግን ከደመወዝ መዝገብ ውጭ የለም።

«ቢበላሽ ይጠገናል» የሚል መልስ ይመጣል። ሌላ አገር ቢሆን ያስኬዳል። ጦርነቱ ነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። መንገድ ሲዘጋ የጥገና መኪና አይሄድም፤ መለዋወጫ ደብረ ታቦር ላይ ይቆማል። ግንቦት ላይ በመብረቅ የተቃጠለ አንድ ካርድ ለወራት ሳይቀየር ሊከርም ይችላል። በዚያ ወራት ወገዳ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር አምቡላንስ አትጠራም፤ አረብ አገር ያለው ልጅ የላከው ገንዘብ መድረሱ አይታወቅም፤ ሽማግሌው ሬዲዮ ከፍተው ሹሹታ ይሰማሉ። ማንም ተመልሶ ላያየው የሚችል ዘንግ ሲመረጥ ዋጋው የሚሰላው በሜትር ስንት ብር ተብሎ አይደለም።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ሳይት አፈር ይለካ፤ ዘንግ፣ ቦይ ወይም ቀለበት መሆኑ ከዚያ በኋላ ይወሰን። ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሚያዝያ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች አንድ የኧርዝ መለኪያ ይዘው በቻይናው መንገድ ቢወጡ ከአንድ ወር በማይበልጥ ጊዜ የሦስቱን አገር ማማዎች ይጨርሳሉ። የተለካው ውጤትም ፋይል ውስጥ አይቀበር። በሳይቱ በር ላይ፣ ጥበቃውም እረኛውም በሚያየው ቦታ፣ በቀለም ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ኦም እንደሆነና በየትኛው ወር እንደተለካ።